የዘንባባ ዘንቢል ሲደርቅ ይሳሳል፣ ጠርዙም ይሰነጠቃል፤ ምን ይሻላል? (ጎንደር)

የአዘዞ ዘንቢል (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ የእጅ ሥራ ወዳጆች። አዘዞ አምስት ሆነን ከዘንባባ ቅጠል ማራገቢያና ዘንቢል እንሠራለን። ማራገቢያው ደህና ነው። ያስቸገረን ዘንቢሉ ነው።

አሠራራችን ይህን ይመስላል፦ ቅጠሉን ከወንዝ ዳር እናስቆርጣለን፣ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፣ ማታ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈን ጠዋት እንታታዋለን። ተሰፍቶ ዘንቢል የሚሆነው ጉንጉን በ9 ሰበዝ (የቅጠል ስንጥር) ነው። ሲታታ ጥብቅ ያለ ነው። ሳምንት ሳይሞላው ግን በሰበዞቹ መሀል ብርሃን ያሳያል፤ ጤፉስ ይቅር፣ ምስር ያፈሳል። ሰበዙ በሚታጠፍበት ጠርዝ ላይ ይሰነጠቃል። ጉንጉኑ እየረዘመ ሲሄድ ወደ ቀኝ ይጎብጣል። አንዳንዱ ላይ ደግሞ ጥቁር ነጠብጣብ ይወጣል።

ጥፋቱ ከቅጠሉ ነው ወይስ ከአያያዛችን? የምታውቁ ብትነግሩን።

ወስፌ

እህቴ፣ መሳሳቱም ነጠብጣቡም ከአንድ ቦታ የመጡ ናቸው። ቅጠሉ በቅጡ ሳይደርቅ ይዘፈዘፋል፣ ሲዘፈዘፍም ከልክ በላይ ይጠጣል። የዘንባባ ቅጠል ውኃ ሲጠጣ ርዝመቱ እምብዛም አይለወጥም፤ የሚያብጠው በወርዱ ነው። ያበጠውን ሰበዝ የቱንም ያህል አጥብቃችሁ ብትታቱት፣ ሲደርቅ እያንዳንዱ ወደ ራሱ ይሰበሰብና ቦታው ባዶ ይቀራል።

አደራረቁን አስተካክሉ። ዝንጣፊው በተቆረጠ ዕለት ቅጠሎቹን ከመሀል ዘንጉ ላይ ቁልቁል እየሳባችሁ ንቀሉ፤ ካደረ ይጠነክርና ሲነቀል ሥሩ ይቀደዳል። እፍኝ እፍኝ እያደረጋችሁ ከሥሩ በኩል እሰሩና ገመድ ላይ ስቀሉት። መሬት ላይ የተሰጣ ቅጠል ከታች በኩል አይነፍስበትም፤ ነጠብጣቡ የሚጀምረው እዚያ ነው። በበጋ ፀሐይ 4 ወይም 5 ቀን ይበቃዋል፤ ማታ ማታ ግን ወደ ቤት ይግባ። ጤዛ ያደረበት ቅጠል አመድማ ይሆናል፣ ቢታጠብም አይመለስም። ደረቀ የሚባለው ጣት ላይ ሲጠቀለል ኮሽ ሲልና ሥሩ ላይ ያለው ወፍራም ክፍል በጥፍር ሲጫኑት ምልክት ሳይዝ ሲቀር ነው። ሁለት ቀን የተሰጣው ከላይ የደረቀ ይመስላል እንጂ ሥሩ ገና እርጥብ ነው።

ከዚያ በኋላ ማሳደር የሚባል ነገር የለም። ልትሠሩ ስትሉ ብቻ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ 10 ደቂቃ ያህል ንከሩት፣ አውጥታችሁ አራግፉት፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ግማሽ ሰዓት አቆዩት። በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ውኃው ከላይ ወደ ውስጥ ይገባና እኩል ይዳረሳል። ሰበዙ ሲነኩት መቀዝቀዝ እንጂ ጣት ማርጠብ የለበትም። የ2 ሰዓት ሥራ የሚሆነውን ብቻ አርጥቡ፤ የተረፈውን ዘርግታችሁ መልሳችሁ አድርቁ። ጨርቅ ውስጥ ያደረ ቅጠል ይሸታል፤ ጥቁሩም ነጠብጣብ ሻጋታ ነው እንጂ የቅጠሉ ጠባይ አይደለም።

ካላመናችሁ ሞክሩት። 20 ሰበዝ እንደ አሁኑ ሌሊቱን ዘፍዝፉ፣ ጠዋት ጎን ለጎን ደርድራችሁ አጠቃላይ ወርዱን በማስመሪያ ለኩ። ሲደርቁ እንደገና አጠጋግታችሁ ለኩ። የጎደለው ወርድ ነው ዘንቢሉ ላይ ክፍተት ሆኖ የሚታያችሁ። በ10 ደቂቃው መንገድ ደግሞ ሌላ 20 ለኩና አስተያዩት።

ጠርዝ ላይ ስለሚሰነጠቀው፦ የመሀል ጅማቱን ሳታወጡ የምትታቱ ይመስለኛል። የወንዝ ዳር ዘንባባ ቅጠል መሀሉ ላይ የታጠፈ ነው፣ እጥፋቱ ላይ ጅማት አለ። ያ ጅማት አይታጠፍም፤ ሲያስገድዱት ዙሪያውን ሰንጥቆ ይወጣል። ከሥሩ በኩል በወስፌ ጫፍ ወጋ አድርጋችሁ ግራና ቀኙን ክንፍ ሳቡት፤ ጅማቱ ለብቻው ይቀራል። ከዚያ ወርዱን እኩል ለማድረግ አንድ ቁራጭ እንጨት ላይ ሁለት ወፍራም መርፌ በ5 ሚሊ ሜትር ልዩነት ትከሉና እያንዳንዱን ክንፍ በመሀላቸው ሳቡት። ትርፉ በመርፌው ተሰንጥቆ ይወድቃል። ይህች እንጨት ከሌለች አምስት ሰው አምስት ዓይነት ወርድ ያወጣል፤ አምስት ዓይነት ወርድ ባለበት ጉንጉን ደግሞ ክፍተት አይጠፋም።

የመጉበጡ ጉዳይ የእጅ ነው። ጉንጉን የሚጎብጠው ይበልጥ በጠበቀው ጠርዝ በኩል ነው። ቀኝ እጅ ሰበዙን ሲያጥፍ ይስባል፣ ግራው አስቀምጦ ያልፋል። በየስንዝሩ ጉንጉኑን ከጠረጴዛ ጠርዝ ጋር እያስተያያችሁ የላላውን ወገን ሳብ ሳብ አድርጉት። አንድ ክንድ ከሄደ በኋላ ማቃናት አይቻልም፤ መፍታት ነው።

ቆላ ቅጠል

እትዬ ወስፌ ስለ ውኃው ያሉት ልክ ነው፤ ግን ቅጠሉ ራሱ ሳይታይ ግማሽ መልስ ነው የሚሆነው። የምታስቆርጡት ከተከፈተው ዝንጣፊ ነው ወይስ ከልቡ?

የተከፈተው፣ ጥቁር አረንጓዴ የሆነው፣ ፀሐይ ያጠነከረው ነው። ለመጥረጊያና እህል ማስጫ ለሚሆን ሻካራ ሰሌን ያገለግላል፣ ምክንያቱም እዚያ ላይ ሰበዙ ሰፊ ነው፣ እጥፋቱም ጥቂት ነው። ለዘንቢል ጉንጉን ግን በየሦስት በየአራት ሳንቲም ሜትሩ ስለሚታጠፍ ይሰበራል። ለዘንቢል የሚፈለገው ገና ያልተከፈተው ነው፤ ከመሀል ቀጥ ብሎ እንደ ተዘጋ ጃንጥላ የሚቆመው፣ ወደ ነጭነት ያደላ ቢጫ። ሲደርቅ ቀለሙ አንድ ዓይነት ይሆናል፣ ጣት ላይ ይለዝባል። ሁለቱን ቀላቅላችሁ ከታታችሁ ደግሞ አንዱ ብዙ ይሰበሰባል አንዱ ጥቂት፤ ክፍተቱ ከዚያም ይመጣል።

አቆራረጡ ላይ ጥንቃቄ አለ። ዘንባባ ቅርንጫፍ አውጥቶ የሚተካ ዛፍ አይደለም፤ እያንዳንዱ ግንድ የሚያድገው ጫፉ ላይ ባለችው አንዲት እምቡጥ ብቻ ነው። ያልተከፈተውን ዝንጣፊ ስትቆርጡ ቢላዋው ወደ ታች ጠልቆ እምቡጧን ከነካ ግንዱ አለቀለት። የወንዝ ዳሩ ዘንባባ ብዙ ግንድ ሆኖ በዘለላ ስለሚበቅል አንዱ ቢሞት ሌላው ይቆማል፤ ቆራጮች ግድ የማይሰጣቸው ለዚህ ነው። ግን ዘለላው በየዓመቱ ይሳሳል። ደንቡ ከአንድ ግንድ አንድ ልብ ወስዶ፣ ቀጥለው የሚመጡት ሁለቱ እስኪከፈቱ መተው ነው። አቆራረጡም ከእምቡጧ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ በማጭድ አግድም እንጂ በመጥረቢያ ቁልቁል አይደለም። ከዝንጣፊው ሥር ያሉት ቅጠሎች ወደ እሾህነት የተለወጡ ናቸው፤ መጀመሪያ እነሱን መመልመል። ሲወጋ ጫፉ ሥጋ ውስጥ ተሰብሮ ይቀርና ያመረቅዛል።

ሌላው፣ የደጋና የወይና ደጋው ዘንባባና የቆላው ዱም አንድ አይደሉም። የወንዝ ዳሩ ዝንጣፊ ረጅም ዘንግ ነው፣ ቅጠሎቹ ግራና ቀኝ ተደርድረው ይወጣሉ፣ እያንዳንዱ አጭር ነው፤ ሲስተካከል 30 ሳንቲም ሜትር ገደማ የሚሠራ ርዝመት ቢሰጥ ነው። ዱም ግን ግንዱ ለሁለት እየተከፈለ የሚያድግ፣ ቅጠሉም እንደ መዳፍ የተዘረጋ ነው። በተከዜ ሸለቆና ወደ ሁመራ በኩል አለ። ከአንዱ መዳፍ 50 እና 60 ሳንቲም ሜትር የሆነ ሰበዝ ይወጣል። ሱዳን ውስጥ የሚሠሩት ምንጣፎች በብዛት ከእሱ ናቸው። ዱሙም ቢሆን የቅጠሉ እጀታ ጠርዝ ላይ እንደ መንጠቆ የተቆለመመ ጥቁር እሾህ አለው።

ዱም ካላገኛችሁ በሆሳዕና ዋዜማ ለምእመናን ዘንባባ የሚሸጡትን ጠይቁ። ዝንጣፊውን ሲዘነጥፉ የሚተርፋቸው ነጭ ልብ ይኖራል። ወቅቱ በጋ ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል። ከቤተ ክርስቲያን የታደለውን ማለቴ አይደለም፤ ሻጮቹ ጋ የተረፈውን ነው።

የአዘዞ ዘንቢል (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልን። የምናስቆርጠው ከተከፈተው ነው፣ ጅማቱንም አናወጣም ነበር። አሁን ገባን።

ሁለት ነገር ልጨምር። የምንሠራው ክብ ዘንቢል መሬቱ (የታችኛው ክብ) ከዳር እዳር 30 ሳንቲም ሜትር፣ ቁመቱም 30 ነው። ለአንዱ ስንት ሜትር ጉንጉን፣ ስንት ሰበዝ እናዘጋጅ? ማንጠልጠያው ደግሞ አምስት ኪሎ ሽንኩርት ሲገባበት ከአፉ ላይ ይነቀላል። ከላይ ቫርኒሽ ብንቀባው ይጠነክራል ያለን ሰው አለ፤ እውነት ነው?

ክንድ ከስንዝር

ልኩን ከወርዱ እንጀምር። የጉንጉን ወርድ የሚገኘው የሰበዙን ብዛት በአንዱ ሰበዝ ወርድ አባዝቶ ያንን በ0.7 በማባዛት ነው፤ ሰበዙ በሰያፍ ስለሚሄድ። 11 ሰበዝ ባለ 5 ሚሊ ሜትር 39 ሚሊ ሜትር ያህል ይሰጣል። 9 ከሆነ 31 ነው። ለጎኑ በ11 ጎንጉኑ፤ ዙሩ ስለሚያንስ ስፌቱም ያንሳል። ቁጥሩ ጎዶሎ ይሁን፤ ያኔ ግራና ቀኙ ጠርዝ አንድ ዓይነት ይሆናል። ርዝመቱም በዚያው ልክ ይበላል፦ 1 ሜትር ጉንጉን ከእያንዳንዱ ሰበዝ 1.4 ሜትር ይወስዳል።

ጎኑ፦ 30 ሳንቲም ሜትር የሆነ መሬት ዙሪያው 94 ነው። በ30 ቁመት ሲባዛ 2,800 ካሬ ሳንቲም ሜትር ይሆናል። ከ3.9 ወርድ ላይ ለመደራረቢያ ግማሽ ሳንቲም ሲቀነስ 3.4 ይቀራል። ሲካፈል 8 ሜትር ከሩብ ገደማ ነው፤ 9 ሜትር ጎንጉኑ።

መሬቱን በዚሁ ሰፊ ጉንጉን ለመጀመር አትሞክሩ። ሰፊ ጉንጉን በወርዱ አይዞርም፤ መሀሉ ላይ ይከማችና ጉብታ ይሠራል። ለመሬቱ ባለ 4 ሚሊ ሜትር 5 ሰበዝ ጎንጉኑ፣ ወርዱ 14 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የመሬቱ ስፋት 700 ካሬ ሳንቲም ሜትር ያህል ስለሆነ፣ 3 ሚሊ ሜትር ለመደራረቢያ ቀንሳችሁ 6 ሜትር ተኩል ይፈልጋል፤ 7 ሜትር ያዙ።

የሚያስደነግጠው የሰበዙ ቁጥር ነው። 9 ሜትር በ11 ሰበዝ ማለት 140 ሜትር ያህል ሰበዝ ነው። 30 ሳንቲም ሜትር የሆነው የወንዝ ዳር ቅጠል ለመቀጠያ 7 ሲወጣለት 23 ይቀረዋል። ስለዚህ ለጎኑ ብቻ ከ600 በላይ፣ ለመሬቱ ደግሞ ከ200 በላይ ሰበዝ ነው፤ የሚበላሸው ሳይቆጠር። 55 ሳንቲም ሜትር የሆነ የዱም ሰበዝ ቢሆን ለጎኑ 300 አይሞላም። ዋጋ ስታወጡ ይህን አስቡ፤ ድካሙ ያለው ከመታታቱ ይልቅ በመቀጠሉ ላይ ነው።

አቀጣጠሉ፦ አሮጌው ሰበዝ 7 ሳንቲም ሜትር ሲቀረው አዲሱ ከላዩ ይተኛል፣ ሁለቱ እንደ አንድ ሆነው ቢያንስ ሦስት ጊዜ ከላይና ከታች ያልፋሉ፣ ከዚያ የአሮጌው ጫፍ ወደ ኋላ ገጽ ይተዋል። የአዲሱ ወፍራም ጫፍ ከአሮጌው ቀጭን ጫፍ ጋር ነው የሚገጥመው፤ ወፍራም ከወፍራም ከገጠመ ያ ቦታ ያብጣል። በአንድ ቦታ ሁለት መቀጠያ ጎን ለጎን አይዋል፣ ቢያንስ ሁለት ጣት ይራራቅ። ጭራዎቹ ሁሉ በአንድ ገጽ ይውጡ፣ እሱ የዘንቢሉ ውስጥ ይሆናል። የሚከረከሙት ጉንጉኑ ከደረቀ በኋላ ነው፣ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር አስተርፎ። ገና እርጥብ ሳለ ከሥሩ የተቆረጠ ጭራ ሲሰበሰብ ሾልኮ ይወጣል።

መታታቱንም ሁለት ከላይ ሁለት ከታች አድርጉት። አንድ ከላይ አንድ ከታች ግትር ነው፣ ሰበዙንም ለመጠጋጋት አይመችም። ሲያልቅ በጠርሙስ ዳምጡት፣ ጠቅልላችሁ ሁለት ቀን አድርቁት፣ ከዚያ ስፉት። እርጥብ ጉንጉን መስፋት ሌላው የክፍተት መነሻ ነው፤ ስፌቱ ይላላል።

ስፌቱ በሲባጎና በጆንያ መርፌ ነው። መሬቱን ስትሰፉ ቀጭኑን ጉንጉን ብቻ እርጥብ ባለ ጨርቅ አለስልሱት፣ እንዲዞር። የውስጥ ጠርዙን በክር ሰብሰብ እያደረጋችሁ ዙሩ። ሥራውን በየዙሩ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አስቀምጣችሁ እዩት፦ እንደ ሳሕን ወደ ላይ ከተነሣ የውጭው ዙር ጠብቋል፤ እንደ ቀሚስ ከተዘናፈለ ላልቷል። ሁለቱንም ዙር ፈትቶ ማስተካከል እንጂ በመዳመጥ አይጠፋም። ጎኑን ለመጀመር መሬቱ 30 የሆነ ባልዲ ገልብጡና በላዩ ላይ ስፉ፣ ያለዚያ ወደ ላይ ሲሄድ ይጠባል። በስፌትና በስፌት መሀል ከ1.5 ሳንቲም ሜትር አይብለጥ።

ማንጠልጠያው የሚነቀለው አፉ ላይ ብቻ ስለሚሰፋ ነው። አንድ ጠርዝ ሸክሙን ሁሉ አይችልም። ከቃጫ የተገመደ አንድ ወጥ ገመድ ውሰዱ። ከመሬቱ ሥር ተነሥቶ፣ በአንዱ ጎን ወጥቶ፣ ከአፉ በላይ እጀታ ሠርቶ ተመልሶ ይወርድና እንደገና ከሥር ያልፋል፤ በሌላው ጎን ወጥቶ ሁለተኛውን እጀታ ሠርቶ ይወርድና ከመነሻው ይገጥማል። ልኩ ከመሬቱ ሥር ሁለት ጊዜ 30፣ ጎኑን አራት ጊዜ 30፣ እጀታው ሁለት ጊዜ 45፣ በድምሩ 270 ሳንቲም ሜትር ነው፤ ለመገጣጠሚያ 30 ጨምሩና 3 ሜትር። መገጣጠሚያው ከመሬቱ ሥር ይሁን፣ እጀታ ላይ አይሁን። ገመዱ ከጎኑ ጋር በየዙሩ አንድ ጊዜ ይጠለፋል። ያኔ ሸክሙን የሚይዘው ገመዱ ነው፤ ጉንጉኑ ዕቃው እንዳይወድቅ ብቻ ይከልላል።

እንቅብ

ክንድ ከስንዝር ያሰሉት ልክ ነው፤ መሬቱን በጉንጉን ማለታቸው ላይ ግን አልስማማም። 200 አጭር ሰበዝ እየቀጠሉ 7 ሜትር ጎንጉኖ፣ ያንን መልሶ በወስፌና በክር ማዞር ጎንደር ላለ ሰው ምን አመጣው? መሬቱን በስፌት ሥሩት፤ ማለቴ የሣር መሙያ በዘንባባ እየጠመጠሙ ዙር በዙር ማያያዝ። አጭር ቅጠል ለጉንጉን ጠላት ነው፣ ለስፌት ግን ምንም አይልም፣ ምክንያቱም በስፌት ላይ ሰበዙ አልቆ አዲስ ሲገባ ጫፉ ሣሩ ውስጥ ይቀበራል፤ ውፍረት አይጨምርም፣ ጭራም አይወጣም።

ለመሙያ ስንደዶም ሆነ አክርማ፣ እጃችሁ ላይ ያለውን ሣር ውሰዱ። ውፍረቱ ሲጨበጥ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ይሁን፤ በየጊዜው አንድ ሁለት ሣር እየጨመሩ እኩል ማቆየት ነው። እንዳይዛነፍ ከሸምበቆ የተቆረጠች ቀለበት መሙያው ላይ አጥልቃችሁ ወደፊት ብትገፏት ውፍረቱን ትነግራችኋለች፤ ከላላች ሣር ጨምሩ። ዘንባባውን በ3 ሚሊ ሜትር ሰንጥቁት። በወስፌ የታችኛውን ዙር መሀል ወግቶ ዘንባባውን ማሳለፍ፣ አዲሱን መሙያ ጠምጥሞ መሳብ፣ ደግሞ መውጋት። የሚወጋው የታችኛው ዙር ሣር ግማሹ ድረስ ነው። ላዩን ብቻ ከተያዘ ሸክም ሲመጣ ቅጠሉ ይበጠሳል፤ አሳልፎ ከሥር ከተወጋ ደግሞ የታችኛውን ጥምጥም ይሰነጥቃል። መጀመሪያው መሀል ላይ ሣሩን እርጥብ አድርጎ፣ ቀጫጭን 3 ወይም 4 ሣር ብቻ ይዞ መቋጨት፣ ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ ማወፈር። መሬቱ 30 ሲሞላ የጎኑ ጉንጉን የመጀመሪያ ዙር ከመጨረሻው የስፌት ዙር ጋር በሲባጎ ይያያዛል። መሬት ሲነካ የሚያልቀው ያ መሬቱ ስለሆነ፣ ጠንካራ መሆኑ ለዘንቢሉ ዕድሜ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልናገር። ቅዳሜ ገበያ ላይ ከፕላስቲክ ዘንቢል ጋር በዋጋ አትወዳደሩም፤ 800 ሰበዝ የገባበት ዕቃ በዚያ ዋጋ ከተሸጠ ድካሙ ከንቱ ነው። መሬቱን 18፣ ቁመቱን 15 አድርጋችሁ ክዳን ያለው ሥሩ። ጉንጉኑ ከሦስት እጅ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ለጥምቀት እንግዳ ሲመጣ የሚገዛው በሻንጣ የሚገባውን ነው። ለጥር እንዲደርስ ቅጠሉ በጥቅምት ተቆርጦ በኅዳር ደርቆ ማለቅ አለበት።

ክንድ ከስንዝር

እንቅብ፣ መሬቱን በስፌት ያልሽውን ተቀብያለሁ፤ ከጉንጉኑ ይሻላል። ሽንኩርትና ድንች ለሚይዘው ግን ስፌቱ ከሥር ሲረጥብ ሣሩ ይበሰብሳል፣ ሲደርቅም ውስጡ ቶሎ አይነፍስም። ለእርጥብ ዕቃ የሚሆነውን በጉንጉን፣ ለደረቅ የሚሆነውን በስፌት ብለው ይለዩት።

ወስፌ

ቫርኒሹን ተዉት። ቫርኒሽ ላዩ ላይ ጠንካራ ቆዳ ይሠራል፤ ዘንቢል ደግሞ በየቀኑ ይታጠፋል። ቆዳው በእጥፋቱ ይሰነጠቅና ውኃ በዚያ ገብቶ አይወጣም። ሳይታጠፍ ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ሰሌን ብቻ ይሆናል።

ነጭ ለማድረግ በድኝ ማጠን የሚሉም አሉ። ድኝ ያነጣል፣ እውነት ነው። ጭሱ ግን ሳንባ ያቃጥላል፤ አምስት ሰው በሚሠራበት ቤት ውስጥ የሚደረግ ነገር አይደለም። ልብ ቅጠል ከሆነ እርጥብ እርጥብ እያደረጋችሁ ፀሐይ ላይ ሁለት ሦስት ቀን ብታመላልሱት በቂ ነጭ ይሆናል።

ቀለም ማስገባታችሁ አይቀርምና፦ ቅጠሉ ላዩ ሰም አለው፣ ቀለም ይገፋል። መጀመሪያ በሳሙና ውኃ 15 ደቂቃ ቀቅላችሁ በደንብ አለቅልቁት። ቀለሙን በሙቅ ውኃ በጥብጣችሁ በጨርቅ አጥልሉት፤ ያልሟሟ ቅንጣት ቅጠሉ ላይ ነጥብ ሆኖ ይቀራል። ቅጠሉን ጨምራችሁ ለስ ባለ እሳት ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት፣ ከዚያ እዚያው ውኃ ውስጥ ይቀዝቅዝ። ሙሉውን ቅጠል ሳይሆን ተሰንጥቆ ወርዱ የተስተካከለውን ሰበዝ ንከሩ፤ ሙሉው ከተነከረ በኋላ ሲሰነጠቅ የተቆረጠው ጠርዝ ነጭ ሆኖ ይወጣል። በገበያ የሚሸጠው ዱቄት ቀለም ሁሉ አንድ አይደለም፤ አንዱ ይይዛል፣ አንዱ ይለቃል። የደረቀውን ሰበዝ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ አጥብቃችሁ እሹት። ጨርቁ ከተነካ ያ ቀለም ለዘንቢል አይሆንም፣ የሰው ነጠላ ያበላሻል። በእርድ የተነከረው ሲያዩት ያምራል፤ ግን ፀሐይ ላይ ይለቃል፣ ስለዚህ ለክዳኑ ውስጠኛ ክፍል ካልሆነ አይመከርም።

የአዘዞ ዘንቢል (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እናመሰግናለን። በመርፌዋ እንጨትና በ20ዋ ሰበዝ ሙከራ እንጀምራለን። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ክረምት ላይ ሥራው ይቆማል ማለት ነው?

ቆላ ቅጠል

ቅጠል ማስቆረጡና ማድረቁ ይቆማል፤ መታታቱ አይቆምም። ከሰኔ እስከ መስከረም የተቆረጠ ቅጠል ከሻጋታ አይተርፍም። የክረምቱን ቅጠል እስከ ግንቦት አጋማሽ አድርቃችሁ፣ ጅማቱን አውጥታችሁ፣ በርዝመት ለይታችሁ እሰሩት። ጆንያ ውስጥ ይሁን፣ ላስቲክ ውስጥ አይሁን፤ ላስቲክ ያልባል። ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ከግድግዳ አንድ ስንዝር ርቆ ይቀመጥ፤ ግድግዳ ክረምት ላይ እርጥበት ይሰጣል። በየሁለት ሳምንቱ ፀሐይ ብቅ ሲል አውጥታችሁ አናፍሱት። የተታታውን ጉንጉንም ምድጃ ባለበት ክፍል ስቀሉት፣ ግን ከእሳቱ በላይ ቀጥታ አይሁን፤ ጥላሸቱ አይለቅም።

ወስፌ

በክረምት ደግሞ የ10 ደቂቃውን ንከራ ወደ 5 አውርዱት። አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ቅጠሉ ቶሎ ይለዝባል፤ አንዳንድ ቀን እርጥቡ ጨርቅ ብቻውን ይበቃዋል።